«ማንን?» ሳልል የቀረሁባት ቀን

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የሆስፒታሉን ካርድ ክፍል ለተተኪዬ ሳስረክብ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቆ የኖረ አንድ አሮጌ ካርድ አገኘሁ። ጠርዙን አይጥ ቀምሳዋለች። ከላይ «ትሁን» የሚል የልጅ ስም አለ። ከሥሩ «ጾታ» ከሚለው ፊት «ሴ» ተብሎ ተጽፎ ተሰርዟል፤ ከጎኑ «ወ» ተብሏል። የጻፍሁትም የሰረዝሁትም እኔ ነኝ። መደርደሪያውን ተደገፍሁ። ተተኪዬ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። «ምንም፤ አቧራው ነው» አልኋት። ካርዱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። በሥራ ዘመኔ ከመንግሥት ቤት ሳላስፈቅድ ያወጣሁት ዕቃ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

በጡረታ ወረቀቴ ላይ የሥራ መደቤ «የካርድ ክፍል ሠራተኛ» ይላል። ደመወዙም የዚያው ነበር፤ በሱ አላማርርም። የሚከነክነኝ አስተርጓሚ ነበርሁ የሚል አንዲት መስመር አለመኖሯ ነው። በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ ለብዙ ዓመት በሽተኛው ከኩባ ሐኪሞች ጋር የሚነጋገረው በእኔ አፍ ነበር። ያ አፍ ያደረገውን ደግ ነገር ሌላው ይንገርለት። እኔ አንድ ጥፋቱን ልናገር ነው የተቀመጥሁት።

እስፓንኛን ትምህርት ቤት አልተማርሁትም። እዚሁ ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ አዲስ የተመረቅሁ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ የጤና ረዳት ነበርሁ። የሶማሊያ ጦርነት ሲነሣ ወደ ምሥራቅ ተላክሁና ከኩባ ሐኪሞች ድንኳን ተመደብሁ። ቃሬዛ ስናነሣ ከፊት ያለው ኩባዊ «ሎ ትየነስ?» ይለኛል፤ እኔ ከኋላ «ሎ ቴንጎ» እላለሁ። «ይዘኸዋል?» «ይዤዋለሁ» ማለት ነው። በእኛ «ይዤዋለሁ» ውስጥ የሚያዘው ሰው ከቃሉ ሆድ ተሸጉጦ ይቀመጣል፤ በእነሱ ግን «ሎ» ተብሎ ከፊት ይቆማል። አንድ ቀን ከጉድጓድ ያነሣነውን ቁስለኛ «ሎ ቴንጎ፣ ሎ ቴንጎ» እየተባባልን ድንኳን ስናደርስ ሐኪሙ አየውና አንሶላውን ፊቱ ላይ ሳበው። መንገድ ላይ የቱ ጋ እንዳረፈ አላወቅንም። ኩባዊውን «አሁንስ ምን ይባላል?» አልሁት። «ያው ሎ ነው» አለኝ። ሰውም ይሁን ዕቃ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ ወንድ ከሆነ «ሎ» ነው። ያን ዕለት ያቺ ቃል ቀፈፈችኝ።

ከግንባር ስመለስ «ቋንቋ ያውቃል» ተብዬ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተመደብሁ። ዶክተር ኢኔስን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው፣ አጭር፣ ክንዳቸው የወፈረ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ሲስቁ እስከ በሩ ይሰማል፤ ሲቆጡ ግን ድምፃቸው ይጠፋል። ቋንቋዬን የቃሬዛ እስፓንኛ ይሉት ነበር። ማታ ማታ አይደለም ያስተማሩኝ፤ ከምሳ በኋላ፣ ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ነው። ብርጭቆና ማንኪያ ከኪሳቸው ያወጣሉ። ብርጭቆ ለእነሱ ወንድ ነው፤ ማንኪያ ሴት ናት። መዳፋቸውን ዘርግተው «ዳሜሎ» ሲሉ ብርጭቆውን፣ «ዳሜላ» ሲሉ ማንኪያዋን አቀብላለሁ። በእኛ «ስጠኝ» ካልን በኋላ ዕቃውን እዚያው ቃል ላይ መደረብ አይሆንልንም፤ እነሱ ሰጪን፣ ተቀባይንና ዕቃን በአንድ ቃል ያስራሉ። ደግሞ ያ ተሳቢ፣ ያ «ሎ»፣ ጠባይ አለው። «አምጣው» ሲሉት ከግሱ ኋላ ይለጠፋል፤ «አታምጣው» ሲሉት ተነሥቶ ከፊት ይቆማል። ስሳሳት አይቆጡኝም። መዳፋቸው እንደተዘረጋ ይቀራል፤ እስከማርመው አይሰበስቡትም። እኔ ደግሞ የዚያ መዳፍ ነገር ያሳፍረኝ ነበር።

ከስሕተቶቼ ሁሉ የሚያስቀው የአንድ ሽማግሌ ቄስ ነው። ዶክተር ኢኔስ ሲያሰናብቷቸው «ሎ ኤስፔሮ ኤል ሉነስ» አሉ። «ሎ» ለአክብሮትም ይሆናልና «ሰኞ እጠብቅዎታለሁ» ማለታቸው ነበር። እኔ «ሰኞ እጠብቀዋለሁ ይላሉ» አልኋቸው።

«ማንን ነው የሚጠብቁት?» አሉ ቄሱ።

«እሱን ነዋ፣ አባ።»

«እሱ ማነው?» አሉና ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። ከኋላቸው ማንም የለም። አማትበው ወጡ፤ ሰኞም አልመጡ፣ ከዚያም በኋላ ዝር አላሉ።

ዶክተር ኢኔስ ነገሩን ሲሰሙ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ሕግ አወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወንድ «ሎ» ወይም ለሴት «ላ» ባልሁ ቁጥር ጣታቸውን አንሥተው «አ ኪየን?» ይሉኛል፤ «ማንን?» ማለት ነው። ስሙን ሳልጠራ አንድ እርምጃ አያልፉም። «መጀመሪያ ስሙን፣ ከዚያ ‹እሱን›። ስም የሌለው ‹እሱ› ቤት የሌለው መንፈስ ነው፤ ያገኘው ላይ ያርፋል» ይሉ ነበር። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ይህ ጥያቄያቸው ግን በዚያ ዘመን የሚያስፈራ ጥያቄ ነበር። አንድ ቀን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ነርሶቹ አንገታቸውን ደፍተው «ወሰዱት» ሲባባሉ ዶክተር ኢኔስ ሰሙ። አማርኛ ጆሯቸው ተከፍቶ ነበርና ያቺን «እሱን» የምትል «ት» ለዩዋት። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አ ኪየን?» አሉ። ከነርሶቹ አንዷ ብረት ሳሕኗን ይዛ ውልቅ አለች። ውጭ አውጥቼ «ዶክተር፣ እዚህ አገር ይህ አይጠየቅም» አልኋቸው።

«ታዲያ የተወሰደው ማነው?»

«ሎ» አልኋቸው። «ሎ ብቻ።»

ከዚያ ዕለት ወዲያ ከድሬሰሮቹ አንዱ ሥራ አልገባም። ጋውኑ ከተሰቀለበት ሚስማር ላይ ወራት ቆየ፤ ማንም አላወረደውም። ነፋስ ሲገባ እጅጌው ይንቀሳቀሳል፤ እኛም እንዳላየን እናልፋለን። ስም አለመጥራትን፣ «ማንን?» አለማለትን የተማርሁት እንደዚያ ነው፤ ከዶክተሯ ትምህርት ይልቅ የገባኝም ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

ያቺ ቀን የመጣችው በክረምት ነው። ሐይቁ ሞልቶ ደንገሉ እስከ አንገቱ ውኃ ገብቷል። ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት በታንኳ ተሻግራ፣ አንድ ልጅ አዝላ ሌላ ልጅ አቅፋ፣ እየጮኸች ገባች። አንጓች ትባላለች፤ ከሐይቁ ዳር ደብር ያሉ የቅኔ መምህር ሚስት ናት። ባሏ ለተማሪዎቻቸው አብሾ ይቀምማሉ። አብሾ ትምህርት ይገልጣል ተብሎ ከአስተናግር ፍሬ የሚዘጋጅ መድኃኒት ነው፤ ልኩን ላላወቀበት መርዝ ነው። ልጆቿ መንታ ናቸው፣ አራት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት እጀ ጠባብ ለብሰው፣ ሁለቱም በዝናብ በስብሰው ያለቅሳሉ።

«ምን ሆነው ነው፣ እኅቴ?»

«የየኔታን መድኃኒት በልታብኝ ነው! ኧረ በወላዲቷ!»

«ስሟ ማነው?»

«ትሁን።»

ካርዱን የምሞላው እኔ ነበርሁ። «ትሁን» ብዬ «ሴ» ጻፍሁ። መርዝ መሆኑን ነግሬያቸው ዶክተር ኢኔስ የሆድ ማጠቢያውን ቱቦ አስወጥተው እጃቸውን እየታጠቡ ነው። ጣታቸውን አነሡ። «አ ኪየን?»

ከልጆቹ የአንዷ ጆሮ ገና የተበሳ ነው፤ ክር ገብቶበታል። ክሩን አየሁ። «በልታብኝ» ብላለች እናትየው፤ «ላ» ነው። «አ ላ ኒኛ» አልሁ፤ ልጅቱን ማለቴ ነው፤ ክር ያላትን ሕፃን ከእናቷ ጀርባ አውርጄ አልጋው ላይ አስቀመጥኋት። በራሴ ኮራሁ፤ ሳልንተባተብ፣ ጾታውን ሳልስት መልሻለሁ። እናትየዋን ግን አልጠየቅሁም። እሷም በጣቷ አላሳየችኝም፤ በእኛ አገር በልጅ ላይ ጣት አይቀሰርም።

ቱቦው ገባ፤ ልጅቱ ታነቀች፤ ውኃው ተሞልቶ ተቀዳ። የወጣው ወተትና የእንጀራ ፍርፋሪ ነው። ደግመን አጠብን። አንጓች «እሷን እኮ ነው!» ብላ ወደ አልጋው ተጠጋች።

«እሷን ይዘናታል፤ አይዞሽ» አልኋት።

ልጅቱን አየች፣ እኔን አየች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጣ፤ የገባት ነገር እንዳለ ሁሉ አፏን ገጠመች። ያቀፈችውን ልጅ በነጠላዋ ሸፍና፣ ጥግ ካለው አግዳሚ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። እምነት ጣለችብን ብዬ ደስ አለኝ። ይህን ፊቷን ስንት ዓመት ሳመላልሰው ኖሬያለሁ።

ሦስተኛውን ውኃ ስንቀዳ ከነጠላው ሥር ሳቅ ሰማን። የሕፃን ሳቅ ነው፤ ግን የሚያስቀው አልነበረም። አንዲት ትንሽ እጅ ወጣችና ከአየር ላይ ክር መልቀም ጀመረች። ነጠላው ወደቀ። ፊቱ ቀልቷል፤ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ነጩን ሊውጠው ደርሷል። የሚያየው ወደ ባዶው ጥግ፣ መታጠቢያው ሳፋ ወዳለበት ነው።

«አየኝ» አለ።

ዶክተር ኢኔስ «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ሜ ቢዮ» አልሁ። አየኝ።

«ኪየን?» ማን?

ዞሬ ጥጉን አየሁ፤ ከሳፋው በቀር ምንም የለም። ግን ጀርባዬን ለዚያ ጥግ መስጠት አቃተኝ።

የገባኝ ያኔ ነው። እኔን ራሴን እናቴ «አንቺ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሁለት ወንዶች ሞተውባት ነበር። ሾተላይ፣ ያ የልጅ ጠላት፣ ወንዱን እንዳያውቅባት ልጁ «እሷ» ይባላል፣ የሴት ስም ይወጣለታል። ይህን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን ያን ቀን በእናቴ ጆሮ አልሰማሁም፤ በሎና በላ ጆሮ ሰማሁ።

«እሱ ነው እንዴ! ወንዱ ነው የበላው!» ብዬ ጮኽሁ።

አንጓች ከአግዳሚው ተፈናጥራ መዳፏን አፌ ላይ ጫነችው። እጇ የሐይቅ ውኃ ይሸታል። «ዝም በል! ይሰማኻል!» አለችኝ። እኔ እጇን ገፍቼ «ኤል ኒኞ! ልጁ ነው!» አልኋቸው ለዶክተሯ፤ ቀጥዬም በአማርኛ «እሱን ስጪኝ! እሱን!» እያልሁ ከእቅፏ ነጠቅሁት። ልጁ ሳቁን አቆመ። እኔን አየኝ፤ ከዚያ ጥጉን አየ።

«መጣ» አለ። ወዲያው ማንቀጥቀጥ ጀመረው።

ዶክተር ኢኔስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሉ። የጋውናቸው እጅጌ እስከ ክርናቸው ረጥቦ ነበር። ዝናቡ ባባራ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የልጅቱ ልቅሶ ብቻ ሆነ። አንጓች አላለቀሰችም። ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ሌላዋን አዝላ፣ ስታልፈኝ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

የሆስፒታሉ ካድሬ በማግሥቱ ጠራኝ። ለስብሰባ ንግግሮቹ በእኔ አፍ የሚጠቀም አለቃ ነውና ወንበር ሰጠኝ። «በኋላ ቀር ልማድ ምክንያት የደረሰ ሞት» የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ ነበር። አነበብሁት፤ ውሸት የለበትም፤ የእኔ አፍ ግን የለበትም። ፈረምሁ። ፈሪ ነበርሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ዶክተር ኢኔስ አልወቀሱኝም። ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ብርጭቆውንም ማንኪያውንም አላወጡም። «አ ኪየን ስልህ ምን አልኸኝ?» አሉ በዚያ በጠፋ ድምፃቸው።

«አ ላ ኒኛ።»

«ማንን ጠይቀህ?»

መዳፋቸውን ዘረጉ፤ እንደ ወትሮው ተዘርግቶ ቆየ። ምን ላስቀምጥበት? በመጨረሻ የእኔን እጅ ይዘው ግንባራቸው ላይ አኖሩት። «ከእንግዲህ እንዲህ» አሉ። «ሳትነካው ‹ሎ› አትበል።»

ከዚያ ወዲያ ማንንም ሳልዳስስ አላስተረጎምሁም። በሐሙሲትም በመርዓዊም ጤና ጣቢያ፣ ሽማግሌ ይሁን አራስ ልጅ፣ እጄን ግንባሩ ላይ አኑሬ «ይኼን ነው?» ሳልል ቃል አልወጣኝም። ባልደረቦቼ «ባራኪው» የሚል ስም አወጡልኝ። «ባራኪው፣ መስቀልህን ረሳኸው!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ዶክተር ኢኔስ አገራቸው ሲገቡ ብርጭቆውን ትተውልኝ ሄዱ፤ ማንኪያዋን ወሰዷት። ቀጥሎ ኩባዎቹ ሁሉ ሄዱ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ እኔ ካርድ ክፍል ገባሁ። እስፓንኛዬ አብሮኝ ዝም አለ። እዚያም ቢሆን ካርድ ያወጣሁለትን ሰው ግንባር መንካት አልተውሁም፤ አንዳንዱ መዳን መስሎት ደስ ይለው ነበር።

ካርዱን ባገኘሁ በሳምንቱ ወደ ደብሩ ተሻገርሁ። መምህሩ አርፈዋል። ወይዘሮ አንጓች ከልጃቸው ጋር ሐሙሲት ሻይ ቤት ከፍተዋል አሉኝ። ቅዳሜ ገበያ ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ደረስሁ። በሩ ላይ አውቶቡስ ይጮኻል፤ ውስጡ ግን ቀዝቃዛና ጭር ያለ ነው። አሮጊቷ ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ነጭ ሆኗል።

«እንዴት ዋሉ፣ እማማ» አልሁ።

«አስተርጓሚው!» አሉ ወዲያው። «ድምፅኽን መች አጣዋለሁ። ተቀመጥ።» ወደ ጓዳ ጮኹ፦ «አንተ ውዴ፣ ሻይ ቅዳ!»

ከጓዳው የወጣችው ሴት ናት። ፀጉሯ የተሸረበ፣ ሠላሳዎቹን ያለፈች፣ ጆሮዋ ላይ ወርቅ። ያቺ ክር የነበረባት ጆሮ ናት። «መጣሁ፣ እማ» አለች። ከአግዳሚው ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ብርጭቆ ደረደረች፤ አንዱን ለእናቷ፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን በመካከላችን ባዶ ቦታ ፊት። የእሷ ይሆናል ብዬ ብጠብቅ ተመልሳ ጓዳው በር ላይ ቆመች።

ለዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተለማምጄ ነበር። ሁሉም ጠፋኝ። «እማማ፣ ያን ለታ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «‹እሷ› ሲሉኝ ሴቷ መስላኝ ሴቷን አስያዝሁ። ጊዜው ያለፈው በእኔ አፍ ነው። ያን ሳልነግርዎት ፈርሜ ዝም አልሁ።»

ሻያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ ጊዜ ፉት አሉ።

«አንተ ሞኝ» አሉኝ፤ አልተቆጡም። «እኔ እኮ ያን ለታ መርቄኽ ነበር። ያቺን ይዛችሁ በቱቦ ያን ጠላት ስታደናግሩት፣ ‹ይኸ የእናት ልጅ ነው፤ ገብቶታል፤ ልጄን እየሸሸገልኝ ነው› ብዬ ነው አፌን ይዤ ጥግ የተቀመጥሁ። ደኅና አድርገኽ አታለልኸው እኮ! ከበሩ ቆሞ ያቺን ሲያይ ነበር። ኋላ ምን ይዞኽ ጮኽኽ? ‹እሱ ነው፣ ወንዱ ነው› አልኽ። ነገርኸው።»

አንድ ጥፋት ይዤ መጥቼ ሌላ ታቀፍሁ። ሐኪም ቤት ውስጥ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ አስተናግር ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ያንን ሁሉ አሰብሁና አንዷንም ከአፌ ማውጣት አልቻልሁም፤ ምክንያቱም «መጣ» ያለውን የልጁን ድምፅ ሰማሁት።

«ምንም አይደል» አሉ ክንዴን ፈልገው እየነኩ። «መሄዱን ሄደ፤ ግን አልራቀም። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ከእኅቱ እኩል ነው ያደገው። እኔ ዓይኔ ከፈሰሰ ወዲህ አጣሁት። ውዴ አለ ትለኛለች፤ እሷ ደግሞ እኔን ለማስደሰት የማትለው የለም። አንተ ዓይን አለኽ።» ወደ መካከላችን ዘንበል አሉ። «አየኸው?»

ምላሴ ላይ «ማንን?» የሚለው መጣ። የዶክተር ኢኔስን ጣት አየሁ። ውዴ ከጓዳው በር ላይ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች።

እጄን ዘርግቼ በመካከላችን ያለውን አግዳሚ ዳሰስሁ። ፀሐይ አይደርስበትም። ሰው አሁን የተነሣበት ይመስል ሞቋል።

«አየሁት» አልኋቸው።